አባቴ ደግመው ደም የሰጡ ጊዜ

አባቴ መጀመሪያ የተዉት በርበሬ ነው። ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። የወንድሜ ሚስት ዓርብ ዓርብ ወጥ ሠርታ ትልክላቸዋለች፤ አንድ ዓርብ ሳህኑን ሳይነኩ መለሱላት። «አፌን ያቃጥለኛል» አሉ። እሷም ተቀየመች። ሰውየው እኮ ሚጥሚጣ እንደ ጨው የሚነሰንሱ ነበሩ። እናቴ በሕይወት ሳለች «የዚህ ሰው ምላስ ከቆዳ የተሠራ ነው» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ቀጥሎ እግራቸው መጣ። አባቴ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ ባሕሩ ወርደው ከእኩዮቻቸው ጋር መመላለስ ልማዳቸው ነበር፤ እሱንም ተዉት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «መሬቱ ይርቀኛል» አሉኝ። እርጅና ያመጣው አነጋገር መስሎኝ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን የሚሉት እውነት ነበር። ሲረግጡ ከእግራቸው ሥር ያለውን መሬት አይሰሙትም ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። አባቴ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማቾች ሲኳረፉ እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ አንድ ባልና ሚስት መጡ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ባልየው የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ሚስትየዋም ተናገረች። አባቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ ከሰሙ በኋላ ወደ ባልየው ዞር ብለው፣

«በል እስቲ ልጄ፣ አንተ ደግሞ የሆንከውን ንገረኝ» አሉት።

ጨዋ ሰው ነበርና ባልየው «እሺ አባቴ» ብሎ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረላቸው። ሚስቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ለመታረቅ የመጡት ሁለቱ ሰዎች ያን ቀን አባቴን እንዳያሳፍሩ ተባብረው ወጡ።

ለወንድሜ ነገርኩት። እሱ ከጎንደር ከመጣን በኋላ እዚህ አገር ነው የተወለደው፤ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳል። «ዚክና ነው፣ እታለም» አለኝ። እርጅና ማለቱ ነው። «ሰው ያረጃል። ምን ታደርጊዋለሽ?»

እኔ ግን ከምኖርበት ከሮቫ ዛይን ብዙ የማይርቅ ኩፓት ሆሊም የሚባል ጤና ጣቢያ አለና፣ ቶር የሚሉትን ቀጠሮ አስይዤ ይዣቸው ሄድኩ። ዶክተሯ ከሩሲያ ትልቅ ሰው ሆና የመጣች ሴት ናት። ዕብራይስጧ እንደ አባቴ ዕብራይስጥ ተሰባብሮ የሚወጣ ነው፤ ምናልባት ለዚህም ይሆናል በሁለቱ መካከል ትዕግሥት ያለው። ዕብራይስጥ አንቱ የለውም። እሷ «አንተ» ስትላቸው እኔ «አንቱ» እያልኩ አሻግራለሁ፤ አባቴም ይህን ያውቃሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ዓይናቸውን ገልጣ አየች፤ ነጩ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። ፊታቸውም ገርጥቷል። ጥቁር ሰው ሲገረጣ የሚያውቅ ሐኪም ብዙ አይደለም፤ እሷ መዳፋቸውን ገልብጣ አየችና አወቀች። ደም ይመርመሩ አለች።

ነርሷ የደም ሥራቸውን ለማግኘት ተቸገረች። አንዱን ክንድ ወጋች፣ አልሆነም፤ ከሌላው ክንድ በግድ ቀዳች።

በማግሥቱ ከኩፓት ሆሊም ተደወለልኝ። ናሙናው ስለተበላሸ ደግማችሁ ኑ ነው ነገሩ። ደም ሲቀዳ ሥሩ እምቢ ካለና ከተስተጓጎለ ቀያዮቹ ሴሎች ቱቦው ውስጥ ይፈነዳሉ፤ ውጤቱም የታመመውን ሰው ሳይሆን የቱቦውን ታሪክ ይናገራል። ይህን ሁሉ ግን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ዕለት ለአባቴ የነገርኳቸው «ደሙ ተበላሽቷል፣ ደግመው ይስጡ ብለዋል» ብዬ ነው።

አባቴ ክንዳቸውን አዩ።

«ጣሉት ማለት ነው?» አሉ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። በመጣንባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የእኛ ሰዎች የለገሱት ደም ‹በሽታ ይኖርበታል› ተብሎ በድብቅ ይደፋ እንደነበር ተሰማ። አባቴ ከለገሱት አንዱ ነበሩ። የምንኖርበት የካራቫን፣ የተጎታች ቤቶች ሰፈር ድረስ ደም ሰብሳቢዎች መጥተው «ወታደሮች ይድኑበታል» ሲሏቸው ቀድመው የተሰለፉት እሳቸው ናቸው። ዜናው የተሰማ ዕለት፣ ልጅ ብሆንም ትዝ ይለኛል፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው የተወጋውን ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ቆዩ። ቁጣ አልነበረም። ሰው የሰጠው ስጦታ ደጅ ወድቆ ሲያገኘው የሚሆነውን ሆነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደም አልለገሱም።

«አባባ፣ ይኼ ሌላ ነው» አልኳቸው።

«ሌላ ከሆነ እሷው ትንገረኝ» አሉ።

ሄድን። አባቴ ከመቀመጣቸው በፊት በእኔ በኩል ጠየቋት፤ «የመጀመሪያውን ደሜን ምን አደረጋችሁት?»

እኔ ጥያቄውን ላለዝበው ፈልጌ ነበር። አባቴ ግን ለመተርጎም የሚያህል ዕብራይስጥ ባይኖራቸውም የትርጉም ሌብነትን የሚይዙበት ጆሮ አላቸው። እንዳለ ጠየቅኋት።

ዶክተሯ ከኮምፒውተሯ ፊቷን መለሰች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሳቸው እያየች፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባቸው፣

«ጣልነው» አለች። «የተበላሸ ናሙና ይጣላል። የእኔም ቢሆን ይጣላል።» ቀጥላም «ለምን እንደጠየቅኸኝ ይገባኛል» አለች።

አባቴ መተርጎም አላስፈለጋቸውም። አዩዋት፤ ከዚያ የሸሚዛቸውን እጅጌ መጠቅለል ጀመሩ። «ደግ። ይህቺ ሰው አትዋሽም» አሉኝ። ዶክተሯ ነርሷን አልጠራችም፤ ራሷ ቀዳች። በመጀመሪያው ወጣ።

ዛሬ ውጤት ከሐኪሙ አፍ አስቀድሞ ስልክ ላይ ይመጣል። ይህ ጥሩ ይሁን ክፉ እስካሁን አልወሰንኩም። ከምሠራበት መዋለ ሕፃናት ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ከፈትኩት። ብዙው መስመር ቀይ ነበር። ሄሞግሎቢናቸው በጣም ወርዷል፤ ከታች ደግሞ ኤል ዲ ኤች የሚባል ነገር ከወሰኑ ብዙ እጥፍ ከፍ ብሏል። ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ጻፍኩትና ፈለግሁ። ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ይላል። ከሥሩ የተደረደሩትን በሽታዎች ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው በሁለቱ ላይ ብቻ ነበር፤ የደም ካንሰርና የንፍፊት ካንሰር። ሌሎችም ተጽፈው ነበር። የፈራ ሰው ግን ሁሉን አያነብም። መውረጃዬ አለፈኝ፤ አውቶቡሱ ዞሮ ሌላ ሰፈር ሲደርስ ነው የነቃሁት።

ዶክተሯ በዚያው ቀን ደወለችልኝ። «ናሙናው አሁን ደህና ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እውነት ነው» አለች። «ሆስፒታል የደም ሐኪም ዘንድ በአስቸኳይ ልኬያቸዋለሁ። ኢንተርኔት ውስጥ አትግቢ።»

«ገብቻለሁ» አልኳት።

ተነፈሰች። «እሺ፣ እንግዲያው ስሚኝ። ይህ ኢንዛይም በሰውነታችን ሴል ሁሉ ውስጥ አለ። ሴሉ ደህና ሳለ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ሴሉ ሲሞት ወደ ደም ይፈስሳል። ቁጥሩ ከፍ ካለ የሆነ ቦታ ላይ የሚሞት ነገር በዝቷል ማለት ነው። የት እንደሆነ ግን አይናገርም። ጉበት ሊሆን ይችላል፣ ልብ፣ ጡንቻ፣ ደሙ ራሱ። እኔም ገና አላውቅም። አላውቅም ማለት ክፉ ነው ማለት አይደለም።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ ወንድሜን ቤቴ ጠራሁት። ተቀመጥንና ወሰንን። ውሳኔያችን አባቶቻችን የሚወስኑት ዓይነት ነበር፤ አንነግራቸውም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲህ በቀጥታ አይነገርም። መርዶ በሰዓቱ፣ በሰው ብዛት፣ ሰውየው በልቶ ጠጥቶ ከበረታ በኋላ ነው የሚነገረው። «ሆስፒታል የሚሄዱት ለቼክ፣ ለተራ ምርመራ ነው እንበላቸው» አለ ወንድሜ። «ከዚያ የሚሆነውን እናያለን።»

ሁለታችንም አንድ ላይ ሄድን። ስህተታችን እዚያ ላይ ነበር። ወንድሜ በሥራ ቀን አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ አያውቅም፤ ወይንና ሙዝ ደግሞ በሁለት ከረጢት ተሸክሟል። አባቴ በሩን ከፍተው ከረጢቶቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ግቡ» አሉ። ከተቀመጥን በኋላ «ማን ሞተ?» አሉን።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ።»

ወንድሜ ስለ ቼክ ጀመረ። ከአማርኛው ይልቅ ዕብራይስጡ በዛ፣ ተንተባተበ። አባቴ እጃቸውን አንሥተው አቆሙት።

«ስሙኝ ልጆቼ። አዲስ አበባ ሆነን መሄጃችንን ስንጠብቅ፣ አባቴ ጎንደር ሞተ። መልእክቱ ለዘመዶቼ ደረሰ። እነሱም ‹መንገደኛ ነው፣ ልቡ ይሰበራል፣ አገሩ ገብቶ ይስማ› አሉና ደበቁኝ። አውሮፕላን ውስጥ ስንገባ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ እየሳቅሁ ‹አባቴን በኋላ አስመጣዋለሁ› እላቸው ነበር። ዝም ብለው ይሰሙኛል። እዚህ ገብተን ከከረምን በኋላ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቋንቋ አላውቅም፣ አልቃሽ የለ፣ ድንኳን የለ። እንባው አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም። ለእኔ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። የእኔን ነገር ግን ለእኔ ስጡኝ።»

ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ አስታውሳለሁ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ጭናቸው ላይ ነበርኩ፤ እሳቸው ሲስቁ ሰውነታቸው ያነቃንቀኝ ነበር። ዙሪያችንን ያሉት ዘመዶች ምን ይዘው ዝም እንዳሉ አባቴ ሲነግሩን ነው የገባኝ።

ነገርኳቸው። ካንሰር ሊሆን ይችላል ብለን እንደፈራን፣ ዶክተሯ ግን ያን ቃል አፏ እንዳላወጣችው፣ ከስልክ ላይ ያነበብኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ኢንዛይም የሚለውን በአማርኛ ምን እንደምለው ግራ ገባኝ።

«የሆነ ቤት ፈርሷል፣ አባባ። ዕቃው መንገድ ላይ ተበትኗል። የፈረሰው የትኛው ቤት እንደሆነ ነው የሚፈልጉት።»

«ዕቃውን አይቶ ባለቤቱን ማወቅ ያቅታል?»

«ያን ዕቃ የሌለው ቤት የለም።»

አሰቡበት። «እንግዲያው ይፈልጉ» አሉና ከወይኑ ለወንድሜ ሰጡት። ወንድሜ ይዞት ተቀመጠ፤ አልበላም።

የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አባቴ ከእኛ ይልቅ የተረጋጉ ነበሩ። እኔ ግን ቀን ቀን የማልቀበለውን ነገር ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ አድር ነበር፤ የት እንደሚቀበሩ፣ ቤቱን ማን እንደሚያጸዳ። ደግሞም ራሴን ታዘብኩት። አባቴ ሲረሱ፣ ሲደክሙ፣ ከባሕሩ ሲቀሩ እንዲህ አልፈራሁም ነበር። ያስፈራኝ ቀዩ ቁጥር ነው።

የደም ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከእኔ ያንሳል። ወረቀቱን አየና ወዲያው ስለ ደም አልጠየቀም።

«ምላስዎን ያሳዩኝ» አለ።

አባቴ ምላሳቸውን አወጡ። ልጃቸው ሆኜ አንድም ቀን ምላሳቸውን አይቼ አላውቅም። ቀይ ነበር፤ እንደ ታጠበ ድንጋይ ልሙጥ፣ ሸካራነቱ ሁሉ ጠፍቶ።

«ያቃጥልዎታል? ቅመም ይበላሉ?»

ለመተርጎም አፌን ስከፍት ለወንድሜ ሚስት የመለሱላት ሳህን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «በርበሬ ትተዋል» አልኩት።

ከኪሱ እንደ ሹካ ያለ ብረት አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ መታው፣ ብረቱም መንዘር ጀመረ። የአባቴ ቁርጭምጭሚት ላይ አስቀመጠው። «ይሰማዎታል?»

«ምኑ?» አሉ አባቴ።

ጉልበታቸው ላይ አደረገው፤ በጥቂቱ። እጃቸው ላይ ሲያደርገው «አዎ፣ ንብ ይመስላል» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቆሙ ጠየቃቸው፤ ተንገዳገዱ፣ ወንድሜ ከኋላ ደግፎ ያዛቸው። ስለ መርሳታቸውም ጠየቀን። ስለዚያ ሰንበት ነገርኩት። አባቴ ሲሰሙኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እሳቸውም ያውቁት ኖሯል።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኛ አቀረበ። «ገና አንድ ምርመራ ይቀራል፤ ግን ልንገራችሁ፤ ካንሰር አይመስለኝም» አለ። «ቀይ ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ፣ መቅኔው ላይ ነው። ለመሥራት ቪታሚን ቢ አሥራ ሁለት ያስፈልገዋል። እሱ ሲጎድል ሴሎቹ እንደ ነገሩ ይሠሩና ከመቅኔው ሳይወጡ እዚያው ይሞታሉ። እጅግ ብዙ ነው የሚሞተው፤ ቁጥሩ ይህን ያህል የወጣው ለዚህ ይመስለኛል። ምላሱም፣ እግሩም፣ መርሳቱም ከዚያው ነው። የሚበሉት አንሶ ላይሆን ይችላል። ሆድ ቪታሚኑን መቀበል የሚያቆምበት ጊዜ አለ።»

ለአባቴ ተረጎምኩላቸው።

«መድኃኒቱስ?»

«መርፌ» አለ ሐኪሙ። «መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ እየተራራቀ። ዕድሜ ልክ።»

«መርፌ ብቻ?»

«መርፌ ብቻ።»

ወንድሜ ይቅርታ ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። «ዚክና ነው ብዬ ነበር» አለኝ። ትከሻው ላይ እጄን አድርጌ ቆምኩ።

ምርመራው እንደተባለው ሆነ፤ ቪታሚኑ የለም ማለት ይቻላል። መርፌው ተጀመረ። የሚገርመው፣ ደሙ ከአባቴ ቀድሞ ዳነ። እሳቸው ገና «ምንም ለውጥ የለኝም» እያሉ ያ ቁጥር መውረድ ጀምሮ ነበር። ከውስጥ የሴሎቹ ሞት መቆሙን እሳቸው ሳያውቁት ቁጥሩ ያውቃል። ከዚያ ፊታቸው መለስ አለ፣ ምላሳቸው ሻረ። ቆየት ብሎ ንግግራቸው ተስተካከለ፤ ጀምረው የሚተዉት ነገር ቀረ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ማምታታት ቀረ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ሐኪሙም ሳይደብቅ ነግሮናል፤ ነርቭ ብዙ ከተጎዳ በኋላ የሚድነው ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይደለም። አባቴ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጨለም ያለ ቦታ እግራቸውን ካላዩት የት እንዳለ አያውቁትም፤ ስለዚህ መብራት አብርተው ይተኛሉ። አንዳንዴ ይህን ሳይ፣ እርጅና ነው ብለን የተውነው ጊዜ ትንሽ ቢያጥር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። እርጅና መልስ ይመስላል። ጠይቆ ለማያውቅ ሰው ግን ጥያቄውን መዝጊያ ብቻ ነው።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ከተሰማ በኋላ ሴቶች ስልካቸውን ይዘው እየመጡ «እስቲ ይኼ የቀላው ምንድን ነው?» ይሉኝ ጀመር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ «ዶክተርሽን ጠይቂ» እላለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ግን መጣችና ስልኳን ስታሳየኝ ያው ስም፣ ያው ከፍ ያለ ቁጥር ነበር። ከእኔ ብዙ አትበልጥም፤ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። አንገቷ ላይ እብጠት ነበራት።

«የአባትሽም እንዲህ ነበር አይደል?» አለችኝ። «ቪታሚን ነው ያሉት።»

«ቁጥሩ እንዲህ ነበር» አልኳት። «ያንቺ ከየት እንደመጣ ግን ቁጥሩ አይናገርም። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሄድን። የእሷ የንፍፊት ካንሰር ሆነ። እዚያው ሆስፒታል፣ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ሐኪሟ ሲነግራት ዕብራይስጡ ፈጠነባትና ወደ እኔ ዞረች። ሐኪሙ ሊታከም የሚችል ዓይነት እንደሆነ፣ ሕክምናው ከባድ እንደሆነ፣ መሥራት አለመሥራቱን ከሚያዩበት አንዱ ያ ቁጥር መሆኑን እየተናገረ ነው። እሷ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።

«ምን አለ?» አለችኝ።

እጇን ያዝኩና ያለውን ሁሉ፣ የበሽታውንም ስም፣ አንድ ሳላስቀር በአማርኛ ነገርኳት። አለቀሰች። አጠገቧ ሆኜ ጠበቅኋት። ሐኪሙም ጠበቃት። ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ሕክምናው መቼ እንደሚጀመር ራሷ ጠየቀችው።